አማካሪው ማን ነው?

በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ፊት ለፊት የምትቆመውን ታፔላ አይታችኋታል አይደል? በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ተቸንክራ ነፋስ ሲያወዛውዛት የምትውለውን። የፕሮጀክቱ ስም፣ አሠሪ፣ አማካሪ፣ ሥራ ተቋራጭ። አራት መስመር ናት። መንገደኛ የሚያነባት "የማን ነው ይሄ?" ለማለት ስለሆነ ዓይኑ አሠሪው ላይ ያርፋል። ተቋራጩን ደግሞ ሥራ የሚፈልግ የቀን ሠራተኛና ሲሚንቶ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ ያነበዋል። "አማካሪ" የምትለዋ መስመር ላይ ያለው ግን ሕንፃውን ከባዶ መሬት ላይ ያሰበው ሰው ስም ነው። እሱን የሚያነበው ራሱ አማካሪው ነው፤ ስሙን በትክክል መጻፋቸውን ለማረጋገጥ።

ግንባታው ሲያልቅ ታፔላዋ ትነሳና የዶሮ ቤት ክዳን ትሆናለች። ሕንፃው ከዚያ በኋላ በባለቤቱ ስም፣ ካልሆነም ምድር ቤቱን በተከራየው ባንክ ይጠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ደምበልን የማያውቅ የለም። ማን ነደፈው ብላችሁ ግን ታክሲ ውስጥ ጠይቁ እስቲ። ሙዚቃ ሲሆን ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ እንጠይቃለን፣ ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩን እናውቃለን። በየቀኑ የምንገባበትና የምንወጣበት ነገር ግን ደራሲ ያለው አይመስለንም።

እኔ አርክቴክት አይደለሁም። ምህንድስና ተምሬ ኮድ በመጻፍ የምተዳደር የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን ሁሉ ማሰብ የጀመርኩት የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ተመልሶ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከተማችን ውስጥ ትንሽ የአርክቴክቸር ቢሮ ከፍቶ፣ "ዌብሳይት ሥራልንና ሰው ይወቀን" ባለኝ ጊዜ ነው። ቢሮው ከሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ናት። እሱ አለ፣ ስትራክቸሩን የሚሠራ ልጅ አለ፣ አዲስ የተመረቀች አርክቴክት አለች። ትልቁን ወረቀት የሚያትመውን ፕሎተር የገዙት በእቁብ ብር ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ተቀጥሮ በደህና ደሞዝ ይሠራ ነበር። እናቱ ያን ሥራ ለምን እንደተወ እስካሁን አልገባቸውም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ይጠይቁታል። ለራሱ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቢሮው የሦስት ሰው ደሞዝና ኪራይ ካልቻለ ፕሎተሩ ይሸጣል፣ እሱም ይመለሳል።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ስለ ስም ነበር። ዝርዝር ይዘው ጠበቁኝ። ግማሾቹ ስሞች ውስጥ "ኢንተርናሽናል" አለ። ከደብረ ብርሃን አልፈው ደብረ ሲና እንኳ አንድ ሥራ አልነበራቸውም። ስቄ ሳበቃ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ መልሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። "ሰው ትንሽ ቢሮ ነው ብሎ ከገመተ ዋጋ ይሰብራል" አለኝ ስትራክቸሩን የሚሠራው። እውነቱን ነው። በእኛ አገር ትንሽነት የሚታየው እንደ ድክመት ነው፣ ስለዚህ ሦስት ሰው ያለው ድርጅት ሠላሳ ሰው እንዳለው ሆኖ ይናገራል። ድርጅቶች ለጨረታ የሚያስገቡትን የኩባንያ ፕሮፋይል አንብባችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ በአፍሪካ ተመራጭ መሆን። የአንዱን ስም አጥፍታችሁ የሌላውን ብትጽፉበት ማንም አይነቃም።

ለስም ያለኝ መለኪያ ከኮድ የመጣ ነው። ጥሩ ስም ማለት አንድ ሰው በተቆራረጠ የስልክ መስመር አንዴ ተናግሮት፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ያለ ስህተት ሊጽፈው የሚችል ነው። "አርክቴክትስ ኤንድ ኢንጂነርስ ኮንሰልቲንግ ኢንተርናሽናል" በዚህ ፈተና ሰሪቲ ሳይደርስ ይወድቃል። በመጨረሻ የተስማማንበት አንድ አጭር የአማርኛ ቃል ነው፤ የባጃጅ ሾፌር የሚለው ዓይነት። እዚህ አልጽፈውም፣ ማስታወቂያ እንዳይመስል።

ሎጎው ላይ ብዙ ጊዜ አላጠፋንም። ኮምፓስና ሦስት ማዕዘን አይሁን አልኩ፣ አልሆነም፣ አለፈ።

ዋናው ጭቅጭቅ ሬንደሩ ላይ ነበር። የማታውቁ ካላችሁ፣ ሬንደር ማለት ገና ያልተሠራ ሕንፃ በኮምፒውተር ፎቶ መስሎ የሚወጣበት ምስል ነው። ስኬችአፕ ወይም ሬቪት ላይ ይሠራል፣ ከዚያ ሉሚዮንን በመሰለ ፕሮግራም ብርሃንና ሰማይ፣ ዛፍና ሰው ይጨመርበታል። የትንሽ ቢሮዎች ማስታወቂያ ዛሬ በሙሉ ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ "የቤት ፕላን" ብላችሁ ፈልጉ፤ ሐምራዊ የምሽት ሰማይ፣ የበራ መዋኛ ገንዳ፣ በር ላይ የቆመ ቀይ የስፖርት መኪና። ዛፉ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣ ስለሆነ የአውሮፓ ዛፍ ነው። ሰዎቹም ከፕሮግራሙ ጋር ስለመጡ ባለ ቢጫ ጸጉር ሴት የደብረ ብርሃን ጂ ፕላስ 2 ፊት ለፊት ውሻ እያናፈሰች ታልፋለች። በቲሸርት። ጠዋት ውርጭ ሣሩን በሚያነጣበት ከተማ፣ ጋቢና ባና ሳይደርብ ከቤት የማይወጣ ሕዝብ መሃል፣ በቲሸርት።

ጓደኛዬ ወደ ዌብሳይቱ እንዲገቡ የላከልኝ አሥራ ምናምን እንዲህ ዓይነት ምስሎች ነበሩ። አንዳንዱ ምስል ብቻውን ስምንት ሜጋባይት ይመዝናል፤ በሞባይል ካርድ ለሚከፍት ሰው ገጹ እስኪመጣ ቡና ይፈላል። ያ ለእኔ ቀላል ችግር ነው፣ ምስሉን አሳንሰዋለሁ፣ ጨምቄ አቀልለዋለሁ። የከበደኝ ሌላው ነው። ከምስሎቹ መካከል የተሠራ አንድም ቤት የለም። አንዱን ምስል በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ ውስጥ ከተትኩትና ከሌላ አገር ቢሮ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። ለጓደኛዬ አንድ ሰው በኢሜይል ልኮለት "እንደዚህ ሥራልኝ" ያለው ነው፤ እሱም ከፋይሎቹ ጋር ቀላቅሎ ላከው።

"እሱን አውጣው" አልኩት።

"አወጣዋለሁ። ግን ሌሎቹ ይሁኑ።"

"ሌሎቹ አልተሠሩማ።"

"ክላየንት የሚጠይቀኝ መስታወት ነው። ድንጋይ ቤት ባሳየው ድሃ ቢሮ ነው ይለኛል።"

ይሄ ሙግት ለሳምንታት ቆየ። እኔ በዚህ ነገር ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ሬንደር ቃል ኪዳን ነው፤ አርክቴክት ሊያስረክበው የማይችለውን ሰማይ መሸጥ የለበትም። እሱ ደግሞ ያልተሳሳተበት ነገር አለ። አሉኮቦንድና መስታወት ለብሶ የቆመ ሕንፃ በእኛ ከተማ የስኬት ምልክት ነው። ብር አግኝቶ ሕንፃ የሚያቆም ነጋዴ ከአያቱ ቤት የሚለየውን ነገር ነው የሚፈልገው። በዚያ ላይ ከተማዋ ራሷ ሌላ መምሰል ትፈልጋለች፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባ፣ ሪጂዮፖሊስ ተባለች፣ ፋብሪካው በረከተ። ድንጋይ የድሮ ነው። ችግሩ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗ ነው። ነጠላ መስታወት ቀን ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማታ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ለነፋስ ይሰጣል። ከነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ የምትሠራ ጓደኛችን ቀን ጃኬቷን አውልቃ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ በጓንት ትጽፋለች።

እነሱ እውነት የሠሩት፣ ቆሞ የሚታይ፣ ሰው የሚኖርበት ቤት በዚያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ያሠሩት። ምድር ላይ ያለ ትንሽ ቤት ነው። መምህርቷ ብራቸው ውስን ስለነበር ለብሎኬትና ለጌጥ አልተረፈም፤ ግንቡ ከአካባቢው ድንጋይ ሆነ። ግንበኞቹ የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ሰሜን ሸዋ ድንጋይ የሚጠርብና የሚገነባ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ጓደኛዬ ከእነሱ ተማርኩ የሚለው ከዩኒቨርሲቲው ብዙም አያንስም። ሳሎኑ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት በኩል ነው፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መስኮት የለም ማለት ይቻላል። ማእድ ቤቱ ከሳሎኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚገናኝ እንጀራ በተጋገረ ቀን ግድግዳው እስከ ማታ ይሞቃል። መስኮቶቹ ከውጭ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ከውስጥ ግን ግንቡ ወፍራም ስለሆነ የመስኮቱ ደፍ መቀመጫ ይወጣዋል። መምህርቷ እዚያ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ።

ሄጄ ፎቶ አነሳሁት። በስልክ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ። አንድ ጋሪ ሲያልፍ አብሮ ገባ። እሳቸውም በሩ ላይ ባናቸውን ተከናንበው ቆመው "ልጄ፣ ልልበስ እንጂ" እያሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ አንኮበር ወጣ ልበል፤ መንገዱ ያው ወደዚያ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዛዊ መሐንዲስ ከሁለት የእጅ ባለሙያ ጓደኞቹ ጋር ያን ዳገት ወጥቶ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ዙሪክ ምህንድስና የተማረ ሃያ አምስት ዓመት ያልዘለለው ወጣት ነው። ልብ በሉ፣ ሦስት ሰው ናቸው። የዛሬውን ቋንቋ ከተጠቀምን አነስተኛ አማካሪ ድርጅት ነው፤ በማንም የማይታወቅ፣ አገሩ ላይ አንድም የሠራው ነገር የሌለው። እንደሚነገረው ምኒልክ ድልድይ ሥራልኝ አላሉትም። መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ አሉት። መሐንዲሱ ጫማ ሠራ። ቀጥሎ ጠመንጃ ተጠየቀ ይባላል። ድልድዩ፣ ግንባታው፣ ኋላም የጅቡቲው ባቡር ጉዳይ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ሰውዬው ዘመኑን በአማካሪነት ጨረሰ። ታፔላዋ ላይ እንዳለው ቃል።

ታሪኩን ስሰማ ያደግኩ ቢሆንም ነገሩ የገባኝ ይህን ዌብሳይት ስሠራ ነው። ንጉሡ የኢልግን ራዕይና ተልዕኮ አልጠየቁም። እጅህ ምን ያውቃል ነው ያሉት። ጫማ ደግሞ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ከጠበበ ያማል፣ ማንም ሰው ያለ ባለሙያ እርዳታ ሊፈርድበት ይችላል። የመምህርቷ ቤት የጓደኛዬ ጫማ ነው አልኩት። "አንተ ደግሞ" አለኝ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ፎቶው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይግባ አለ፣ መስታወቶቹም ወደ ኋላ ይሂዱና "ሐሳቦች" ተብለው ይቀመጡ፣ እንዳልተሠሩ ይጻፍባቸው። ይህን መጻፍ ከባድ ነው። በከተማችን ይህን የጻፈ ሌላ ቢሮ እኔ አላየሁም።

ለአርክቴክት ራስን ማስተዋወቅ ድሮም የሚያሳፍር ነገር እንደነበር ያወቅኩት በዚሁ ሰሞን ነው። አሜሪካ ውስጥ የአርክቴክቶች ተቋም አባላቱ ማስታወቂያ እንዳያወጡ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ይከለክል ነበር። የጨዋ ሙያ ነው፣ ጨዋ ሰው "እኔ ነኝ ያለሁት" አይልም፣ ሥራው ይናገርለት የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የጠበቆችን የማስታወቂያ ክልከላ ሲያነሳ የአርክቴክቶቹም ብዙ አልቆየም። እኛ ዘንድ ክልከላው ይሉኝታ ነው። ራሱን የሚያሞግስ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ጓደኛዬ ስለ ራሱ የሚገልጽ ሦስት አረፍተ ነገር ጻፍልኝ ብዬው ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ የአርባ ገጽ ሪፖርት በሦስት ቀን የሚጽፍ ልጅ። በመጨረሻ የላከልኝ በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሌላ ሰው የሚናገር ስለሚመስለው አያፍርም።

ሥራው ይናገርለት የሚለው ነገር ደግሞ ሥራው እንዲናገር የሚያደርግ ሰው ሲኖር ነው የሚሠራው። ፍራንሲስ ኬሬን ውሰዱ። ዛሬ የ2022 የፕሪትዝከር ተሸላሚ ነው። ዓለም ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ በተወለደባት ጋንዶ መንደር በሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ነው፤ በሸክላ ጡብ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር፣ ገና በርሊን ተማሪ ሳለ። ትምህርት ቤቱ በ2004 የአጋ ካን ሽልማትን ባያገኝ እኛ ዘንድ ስሙ ይደርስ ነበር? ያው ሽልማት በ2007 አዲስ አበባ ላለው የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ተሰጥቷል። ከቀይ አፈር ውስጥ ተፈልፍሎ የወጣ የሚመስል ረጅም ሕንፃ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ላይ ስስ ውሃ ይተኛል። ዋናዎቹ ነዳፊዎች ሁለት ሆላንዳውያን ናቸው፤ ሽልማቱ ግን ከእነሱ ጋር የሠራውን የአገር ውስጡን ቢሮ፣ አባ አርክቴክትስን፣ በስም መዝግቦታል። ራሔል ሻውል ከዚያ ቢሮ የወጣች ናት፤ በኋላ የራሷን ራስ አርክቴክትስን መሠረተች። እኔ ስሟን ያወቅኩት ከዚህ መዝገብ ነው። ስሙ አንድ ቦታ ተጽፎ መቅረቱ ቀላል ነገር አይደለም። ዌብሳይት የምሠራለት ምክንያትም ለእኔ ከዚህ አይበልጥም፤ ታፔላዋ ከተነሳች በኋላ ስሙ የሆነ ቦታ እንዲቀር።

ከተማችን ስለ ብራንድ አታውቅም እንዳትሉኝ ብቻ። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? የመንዝ ባናስ? ዳሽንም ሐበሻም ቢራቸውን እዚሁ ይጠምቃሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ቢራዎቹ አልጠፉም፤ ጃንጥላው ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ የግሮሰሪው በር ላይ አሉ። ሰው ባለበት ቦታ ይገኛሉ ማለት ነው። ለእኛም የረዳን ይሄ ነው። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የት ይገኛል?

ጓደኛዬን ይዤ አንድ ቀን ሙሉ ይህን ስናጠና ዋልን። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ይገኛል። ካርታውን በፌስታል ይዞ። ሲሚንቶና ፌሮ ሱቅ ዋጋ ሲጠይቅ ይገኛል። ከፎርማን ጋር ሻይ ሲጠጣ ይገኛል። እድር ላይ "ልጄ ከውጭ ብር ልኮ ቤት ልጀምር ነው" ሲል ይገኛል። አርክቴክት ቢሮ ግን አይመጣም። የሚመጣው ፕላን በካሬ ሜትር ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ ነው፤ ልክ እንደ ሴራሚክ። ፕላን ማለት ለእሱ ማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀው ወረቀት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከፎቅ ቤት ጀምሮ ጠበቅ እያደረገ፣ የሕዝብ መገልገያውንና ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን ከባድ ምድብ ውስጥ አስገብቷል። ዓላማው ሕንፃ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነው። ገበያው ላይ ያመጣው ነገር ግን አንድ ፕላን ለአሥር ሰው፣ ስሙን እየቀያየረ በርካሽ የሚሸጥ ልጅ ነው፤ ማኅተም ያለው ሰው ያትምለታል። ጓደኛዬ የሚወዳደረው ከትልልቅ የአዲስ አበባ ቢሮዎች ጋር አይደለም። ከዚህ ልጅ ጋር ነው። ከዚህ ልጅ ጋር ደግሞ በዋጋ መወዳደር አይቻልም፤ እሱ አያስብም፣ ይቀዳል፤ መቅዳት ደግሞ ርካሽ ነው።

ስለዚህ ዌብሳይቱ ላይ "ስለ እኛ" የሚለውን አሳጥረን የሰውየውን ጥያቄ ጻፍንበት። በአማርኛ። ፕላን ስምምነት ምንድን ነው፣ ከካርታው ጋር ምን ይዤ ልሂድ? የአፈር ምርመራ ለምን ያስፈልጋል? የስትራክቸር ሥዕል ከአርክቴክቸሩ በምን ይለያል? ድንጋይ ይሻላል ወይስ ብሎኬት? ሳሎኔ ለምን ይበርደኛል? የመጨረሻዋን ጥያቄ የጨመርኳት እኔ ነኝ፣ የእናቴ ናት። መልሶቹን የጻፈችው አዲስ የተመረቀችው ልጅ ነች፤ እንደምትናገረው ነው የምትጽፈው፣ "ካሬህ ጠባብ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃውን አስብ፣ ደረጃ ቤት ይበላል" ትላለች። ከዌብሳይቱ ሁሉ የተነበበው የእሷ ገጽ ነው። ሰው ቴሌግራም ላይ እየቀዳ ይልከዋል፣ የቢሮውን ስም ሳይጨምር በእርግጥ። ከገጹ መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር አለ፤ ቅጽ ሙሉ፣ ኢሜይል አስገባ የሚባል ነገር የለም። ከእኛ ሰው ኢሜይል መጠየቅ ማባረር ነው።

መጀመሪያ የደወለው ዋሽንግተን ያለ ሰው ነበር። በእኛ ሌሊት። ወንድሙ በላከው ብር ምን እየሠራ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው የፈለገው፤ ሳይቱን ሄዶ አይቶ ፎቶ የሚልክለት። ጓደኛዬ ይህ የአርክቴክት ሥራ ነው ወይ ብሎ ቅር አለው። ነው ባይ ነኝ። በየወሩ ከተመሳሳይ ቦታ ቆሞ የሚነሳ ፎቶ ለውጭ ሰው ከማንኛውም ሬንደር ይበልጣል። ከዚያ ሁለት ሥራ ተገኘ። ኪራዩ ተከፈለ፣ እናቱም ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የክልሉ ነገር ሲደፈርስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራት። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ። ገጹ አለ፣ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ከውጭ አገር ይከፈታል፤ የተሠራላቸው ሰዎች ግን ሊያዩት አይችሉም። ማስታወቂያ ቀርቶ ባልደረቦቹ ፋይል መለዋወጥ አቃታቸው፤ ሥዕል በፍላሽ፣ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይላላኩ ነበር፣ መንገዱ በተከፈተ ቀን። ግንባታም ቀዘቀዘ። ነገ የማይታወቅ ሲሆን ሰው መሠረት አያስወጣም፤ ብሩን ይዞ ይጠብቃል።

የዚያን ጊዜ ልጅቷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። የዌብሳይቱን ጥያቄና መልስ አንድ ወረቀት ላይ ፊትና ጀርባ አድርጋ አሳጠረችው፣ በዚያ ፕሎተር ሳይሆን በሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት አባዛችው። የመምህርቷ ቤት ፎቶ ከላይ፣ ጋሪው ጭምር፣ በጥቁርና ነጭ። ፌሮ ሱቆቹ ጋ ሰጠች። ማዘጋጃ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች ጋ ሰጠች። ከሁሉ በላይ ለፎርማኖቹ ሰጠች፤ ስማቸውንና ስልካቸውን በወረቀቱ ጀርባ እንዲጽፉበት ባዶ ቦታ ትታ። ይቺ ባዶ ቦታ የማንኛችንም ሐሳብ አልነበረችም። ፎርማኑ ወረቀቱን ሲያድል የራሱን ማስታወቂያ እያደለ ነው፣ ስለዚህ ያድለዋል። እኔ በሙያዬ ስንት ዓመት ስለ ተጠቃሚ ጥቅም የሚያወራ ጽሑፍ ሳነብ ኖሬ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አላየሁም።

ልጅቷ ግን አሁን የለችም። ደሞዙ ለሦስት ወር ሲዘገይ አዲስ አበባ ሥራ አገኘችና ሄደች። ማንም አልተቀየማትም። ጓደኛዬ ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ለራሱ አንድ ዓመት ጨምሯል፤ ስትራክቸሩን የሚሠራው ልጅ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ከሰዓት ይገባል። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ዌብሳይቱ ላይ የእሷን ስም ከመልሶቹ በታች ጨመርንበት፤ ተቃዋሚ አልነበረም። ፕሎተሩም አልተሸጠም። የተሠሩት ቤቶች አምስት ደርሰዋል፣ አምስቱም ፎቶ አላቸው፣ ከአምስቱ አንዱ መስታወት ነው። ባለቤቱ ምንም ብንለው አልሰማም። እሱንም አስገባነው፤ ማታ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ግን አልጻፍንም።

ባለፈው ወር አንድ ሰው ደወለ። ከአንኮበር መስመር አውቶቡስ ላይ ሆኖ የመምህርቷን ቤት አይቶ ወርዶ፣ በር አንኳክቶ፣ ስልክ የተቀበለው ከእሳቸው ነው። ስለ ዌብሳይቱ ሰምቶም አያውቅም። መጀመሪያ የጠየቀው ፕላን በካሬ ስንት እንደሆነ ነው። ጓደኛዬ ነገረው። "ሌላ ጋ በግማሹ ነው የነገሩኝ" አለና አስቤ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውሏል። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዋጋው አላነሳም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጥ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው።